ቬኖምን ከሰርቨራችሁ ማውጣት፦ ፓች ከጫናችሁ በኋላ የሚቀረው ሥራ

እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2015 ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ አንድ ክፍተት ይፋ አደረገ። ያገኘው የኩባንያው ተመራማሪ ጄሰን ጌፍነር ነው። ስሙ ቬኖም፣ የመዝገብ ቁጥሩ ሲቪኢ-2015-3456። ክፍተቱ አንድ ቪኤም (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ውስጥ ያለ ሰው ከቪኤሙ ወጥቶ ሆስቱ (ቪኤሞቹን የሚያሠራው እውነተኛ ማሽን) ላይ እንዲደርስ መንገድ ይከፍታል። የተገኘበት ቦታ ግን ያስቃል። ኪዩኤምዩ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ፣ የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያን በሚያስመስል ኮድ ላይ ነው። አዎ፣ ያቺ ፍሎፒ። ኮዱ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ፓቹ (ክፍተቱን የሚደፍነው ጥገና) የወጣው ያኔውኑ ነው። ታዲያ ዛሬ ምን አነሳው ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ አንዴ ተጭኖ “ይሠራል፣ አትንኩት” የተባለ ሆስት ብርቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለቬኖም የሚሆነው አካሄድ ከእሱ በኋላ ለመጡትም ይሆናል። በዚያው በ2015 ጁላይ ላይ ተመሳሳይ ችግር በሲዲ-ሮም ኮዱ ተገኘ (ሲቪኢ-2015-5154)። በ2020 በዩኤስቢ ኮዱ (ሲቪኢ-2020-14364)። በ2021 ደግሞ ተመልሶ እዚያው ፍሎፒ ላይ (ሲቪኢ-2021-3507)። ሁሉም አንድ ዓይነት በሽታ ነው፦ ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ አልፎ መጻፍ ወይም ማንበብ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፓች መጫኑ ላይ አይደለም። ከጫነ በኋላ ባለው ነው። ስለዚህ መመሪያው እዚያ ላይ ይረዝማል። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ትጽፏቸዋላችሁ።

መጀመሪያ ችግሩን እንረዳው

ኬቪኤም የሊኑክስ ከርነል ክፍል ነው። ቪኤሙ የእውነተኛውን ፕሮሰሰር ጉልበት እንዲጠቀም ያደርጋል። ዲስክ፣ ኔትወርክ ካርድ፣ ኪቦርድ፣ ፍሎፒ የመሳሰሉትን ግን የሚያስመስለው ኪዩኤምዩ ነው። እያንዳንዱ የሚሠራ ቪኤም ሆስቱ ላይ ሲታይ አንድ የኪዩኤምዩ ፕሮሰስ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። በኋላ ሁሉም ነገር የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።

የፍሎፒ መቆጣጠሪያው 512 ባይት የሚይዝ በፈር (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) አለው። ቪኤሙ ውስጥ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ትእዛዝ ሲሰጠው በአንድ ፖርት በኩል ባይት በባይት ይልክለታል። ቀጣዩ ባይት የት እንደሚቀመጥ የሚይዝ ቆጣሪ አለ። ትእዛዙ ሲያልቅ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ሁለት ትእዛዞች ላይ ግን በጊዜው አይመለስም። አንደኛው ሪድ አይዲ ነው። ይሄ መልሱን ከማዘጋጀቱ በፊት አንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ ይጠብቃል። በዚያ ፋታ ውስጥ ተጨማሪ ባይት ቢላክለት ዝም ብሎ ይቀበላል። ለእኛ ኢምንት ጊዜ ናት፤ ለፕሮሰሰር ግን ከበቂ በላይ ነው። ሁለተኛው ድራይቭ ስፔሲፊኬሽን ይባላል። ማብቂያ ምልክት ያለው ባይት እስኪመጣለት ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ምልክቱን አለመላክ ነው እንግዲህ።

513ኛው ባይት ታዲያ የት ይገባል? ከበፈሩ ውጪ፣ አጠገቡ ባለው የኪዩኤምዩ ሜሞሪ ላይ። ኪዩኤምዩ የተጻፈው በሲ ነው። ሲ ደግሞ ቦታው አልቋል ብሎ አያስቆምም። ቢያንስ ቪኤሙ ይወድቃል። አጥቂው ጎበዝ ከሆነ ግን እዚያ የጻፈው ነገር በኪዩኤምዩ ፕሮሰስ ስም፣ ሆስቱ ላይ እንዲሠራ ሊያደርግ ይችላል። ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው የአከራዩን ሳሎን ሰብሮ ገባ እንደማለት ነው፤ የሁሉም ክፍል ትርፍ ቁልፍ የተሰቀለው ደግሞ እዚያ ነው።

ጥገናው ይህን ሁሉ ወሬ አይመጥንም። ቆጣሪው የሚጠቁመው ቦታ ለ512 ይካፈልና ቀሪው ይወሰዳል። ቀሪው መቼም ከ511 አይበልጥም። ስለዚህ የፈለገውን ያህል ባይት ቢመጣ በፈሩ ውስጥ እየዞረ ይጻፋል እንጂ አያልፍም።

ክፍተቱን ለመጠቀም አጥቂው ቪኤሙ ውስጥ ሩት ወይም አድሚን (ሙሉ መብት ያለው ተጠቃሚ) መሆን አለበት። ይሄን ሰምቶ የሚረጋጋ ሰው አለ። ቪኤም የሚያከራይ ድርጅት ግን ለደንበኛው የሚሰጠው ሩት እኮ ነው። የራሳችሁ ቪኤሞች ብቻ ቢሆኑም፣ አንድ የተጠለፈ የድረ ገጽ ሰርቨር ውስጥ ሩት የሆነ ሰው ቀጣዩ ሐሳቡ ከዚያ መውጣት ነው።

ደረጃ 1፦ እናንተን ይመለከታል?

ኪዩኤምዩን ከኬቪኤም ጋር የምታሠሩ ከሆነ ይመለከታችኋል። ፕሮክስሞክስም ሆነ ኦፕንስታክ (ሁለቱም ቪኤሞችን ማስተዳደሪያ ናቸው) በኬቪኤም ላይ ከሆነ ስር ያለው ኪዩኤምዩ ነው። ገጹ ስላማረ ሌላ ነገር አይምሰላችሁ።

ዜን (ቪኤም የሚያሠራ ሌላ ሶፍትዌር) ከሆነ ይለያያል። ኤችቪኤም የሚባሉት ቪኤሞች ኪዩኤምዩን ስለሚጠቀሙ ተጋላጭ ነበሩ። ፒቪ የሚባሉት አልነበሩም። የዜን ፕሮጀክት ያወጣው ማስታወቂያ ኤክስኤስኤ-133 ነው። ቨርቹዋልቦክስም የኪዩኤምዩን የፍሎፒ ኮድ ስለወሰደ ከ4.3.28 በፊት ያሉት ቨርዥኖቹ ተነክተዋል። ቪኤምዌር፣ ሃይፐር-ቪ እና ቦክስ የተባለው ኢሙሌተር ይህ ክፍተት የለባቸውም። በአርም ፕሮሰሰር የሚሠሩ ሆስቶችም እንዲሁ።

ደረጃ 2፦ የቨርዥን ቁጥር እንዳያታልላችሁ

ከኪዩኤምዩ 2.4 ጀምሮ ያሉት ቨርዥኖች ጥገናው አላቸው። 2.3.0 የለውም። እስከዚህ ቀላል ነው።

ችግሩ ሬድ ሃት፣ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ የመሳሰሉት አዲስ ቨርዥን አያመጡም። የድሮውን ቨርዥን ይዘው ጥገናውን ብቻ ይጨምሩበታል። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 ላይ ኪዩኤምዩ 1.5.3 ብላችሁ ታያላችሁ፤ 6 ላይ ደግሞ 0.12.1። ሁለቱም በቁጥር ከ2.4 በጣም ያነሱ ናቸው፤ ጥገናው ግን ደርሷቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ መደንገጥም፣ መዝናናትም ልክ አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ የፓኬጁን የለውጥ መዝገብ ማንበብ ነው። በሬድ ሃት ቤተሰብ አርፒኤም በሚለው ትእዛዝ የኪዩኤምዩ-ኬቪኤምን ቼንጅሎግ አውጡና ውስጡ 2015-3456 የሚል ቁጥር ፈልጉ። በዴቢያንና በኡቡንቱ የፓኬጁ ቼንጅሎግ ዩዘር፣ ሼር፣ ዶክ በሚለው ፎልደር ስር በፓኬጁ ስም ተጨምቆ ተቀምጧል። ዚግሬፕ በሚለው ትእዛዝ ሳትፈቱት መፈለግ ትችላላችሁ። ለማመሳከር፣ የዴቢያን ማስታወቂያ ዲኤስኤ-3259፣ የኡቡንቱ ዩኤስኤን-2608-1፣ የሬድ ሃት አርኤችኤስኤ-2015፡0998 እና 0999 ነው።

በነገራችን ላይ የ2020ውንም የ2021ዱንም ቁጥር በዚሁ አጋጣሚ ፈልጉ። ቬኖም ተጠግኖ እነዚያ ክፍት የሆኑበት ሆስት ላይ ብትደርሱ ሥራው አንድ ነው።

ደረጃ 3፦ ከመንካታችሁ በፊት

ባክአፕ ያዙ። ይሄን ሁሉም ሰው ስለሚለው አልደግመውም።

ብዙም የማይባለው የሚከተለው ነው። ሊብቨርት ቪኤሞችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው፤ ቨርሽ ደግሞ የእሱ ትእዛዝ። ቨርሽ ሊስት ብላችሁ የሚሠሩትን ቪኤሞች በሙሉ ጻፉ። ከዚያ ትራንዚየንት የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ እንደገና ዝርዝር አውጡ። ትራንዚየንት የሆነ ቪኤም ሲጠፋ ትርጉሙም (የተዋቀረበት ዝርዝር) አብሮ ይጠፋል። ዲስኩ ይቀራል፤ ስንት ሜሞሪ፣ የትኛው ኔትወርክ፣ የትኛው ማክ አድራሻ የሚለው ግን ከሊብቨርት ይሰረዛል። እንዲህ ዓይነት ቪኤም ካላችሁ ሳታጠፉት በፊት ዳምፕኤክስኤምኤል በሚለው ትእዛዝ አውጥታችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።

የአውቶስታርት ምልክቱንም እዩ። ሆስቱ በሆነ ምክንያት ሪቡት ቢያደርግ የትኞቹ በራሳቸው እንደሚነሱ፣ የትኞቹ እናንተን እንደሚጠብቁ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከማወቅ ማለቴ ነው።

ደረጃ 4፦ ፓቹን መጫን

ይሄ አጭር ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ አፕት አፕዴት፣ ቀጥሎ የኪዩኤምዩ ፓኬጆችን ማሻሻል። በሬድ ሃት ቤተሰብ በያም ወይም በዲኤንኤፍ። በፕሮክስሞክስ ከገጹ ላይ ወይም በአፕት ዲስት-አፕግሬድ። ዲስትሮው (የምትጠቀሙት የሊኑክስ ዓይነት) ድጋፉ ካበቃ ቆየት ያለ ከሆነና ፓኬጅ ከሌለው፣ ምንጭ ኮድ አውርዶ በራስ መጠገኑን አልመክርም። ቪኤሞቹን አዲስ ሆስት ላይ አዛውሩና አሮጌውን አሳርፉት።

ደረጃ 5፦ አሮጌውን ፕሮሰስ ማስወጣት

ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው።

ፓች ስትጭኑ የሚቀየረው ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ነው። የሚሠራው ቪኤም ግን ድሮ፣ ሲነሳ፣ ወደ ሜሞሪ የተጫነውን ኮድ ይዞ ይቀጥላል። ስድስት ወር ሳይጠፋ የሠራ ቪኤም የስድስት ወር ኮድ ነው የሚያሠራው። የፓኬጅ ማኔጀሩ “ሁሉም አዲስ ነው” ቢላችሁ አልዋሸም፤ የጠየቃችሁት ስለ ዲስኩ ነው።

የሚከተሉት አይጠቅሙም፦

ቪኤሙ ውስጥ ገብቶ ሪቡት ማለት። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እንደገና ይነሳል፤ ሆስቱ ላይ ያለው የኪዩኤምዩ ፕሮሰስ ግን ያው የድሮው ነው። ቨርሽ ሪቡት እና ቨርሽ ሪሴትም በዚሁ ይመደባሉ።

ሊብቨርትዲን ሪስታርት ማድረግ። ሊብቨርት አስተዳዳሪ ብቻ ነው። እሱ ወድቆ ቢነሳ ቪኤሞቹ አይነኩም። ሆን ተብሎ እንዲህ ነው የተሠራው፣ ጥሩም ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን አይረዳንም።

ቪኤሙ ውስጥ የፍሎፒ ድራይቨሩን መዝጋት። ይሄን የሚመክር ጽሑፍ አይቼ አውቃለሁ። ቪኤሙ ውስጥ ሩት የሆነ ሰው የዘጋችሁትን ይከፍተዋል፤ ከፈለገም ያለምንም ድራይቨር በቀጥታ ወደ ፖርቱ ይጽፋል።

የሚጠቅሙት ደግሞ ሦስት ናቸው።

አንዱና ንጹሑ፣ ቪኤሙን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ቨርሽ ሻትዳውን፣ መጥፋቱን በዝርዝሩ ላይ ማረጋገጥ፣ ከዚያ ቨርሽ ስታርት። ፕሮክስሞክስ ላይ ከገጹ ሪቡት የሚለውን ብትጫኑ በአዲሶቹ ቨርዥኖች አጥፍቶ ነው የሚያስነሳው። ስለዚህ እዚያ ላይ ይሠራል። ከቪኤሙ ውስጥ የሚደረገው ሪቡት ግን ፕሮክስሞክስ ላይም ያው ነው፣ አይረዳም።

ሁለተኛው ላይቭ ማይግሬሽን ነው። ሁለት ሆስት ካላችሁ አንዱን አስቀድማችሁ ፓች አድርጉ። ቪኤሞቹን ሳታጠፉ ወደዚያ አዛውሯቸው። እዚያ ሲደርሱ የሚቀበላቸው በአዲሱ ኮድ የተነሳ አዲስ ፕሮሰስ ነው። ባዶ የቀረውን ሆስት ፓች አድርጋችሁ ትመልሷቸዋላችሁ። ተጠቃሚው ምንም ሳያውቅ ያልፋል።

ሦስተኛው ማኔጅድሴቭ የሚባለው ነው። የቪኤሙን ሜሞሪ ዲስክ ላይ ጽፎ ፕሮሰሱን ያጠፋዋል። ስታስነሱት በአዲስ ፕሮሰስ ካቆመበት ይቀጥላል። ማጥፋት ለማይወዱ አሮጌ ሲስተሞች ይመቻል። ግን የኔትወርክ ግንኙነቶች ሊቋረጡ ይችላሉ፣ ሰዓቱም ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ግራፊክስ ካርድ ወይም ሌላ ፒሲአይ ዕቃ በቀጥታ የተሰጠው ቪኤም ላይ ደግሞ አይሠራም። እሱን ማጥፋት የግድ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ቪኤሙ ተጠልፏል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ተዉት። የጠላትን ሜሞሪ ተሸክሞ ወደ ንጹሕ ሆስት መውሰድ ምን ያደርጋል?

መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት፣ ዩፒኤሱም የደከመ መስሪያ ቤት እዚህ ላይ ሳያስበው ያተርፋል። ፓኬጁ ተጭኖ ከነበረ፣ መብራቱ ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ቪኤም በአዲሱ ኮድ ነው የሚነሳው። የሚያሰጋው ጥሩ ጄኔሬተር ያለው፣ “ሰርቨራችን ሁለት ዓመት ጠፍቶ አያውቅም” ብሎ የሚኮራው ነው።

ደረጃ 6፦ ማረጋገጥ

በእምነት አትለፉ። ማየት ይቻላል።

ቀላሉ መንገድ ሊኑክስ ራሱ የሚሰጠው ምልክት ነው። ፕሮክ በሚለው ፎልደር ስር በእያንዳንዱ ፕሮሰስ ቁጥር ኤክስኢ የሚባል ሊንክ አለ። ፕሮሰሱ የተነሳው ከየትኛው ፋይል እንደሆነ ያሳያል። ያ ፋይል በፓች ተተክቶ ከሆነ ከስሙ ኋላ ዲሊትድ የሚል ቃል ተጨምሮ ታያላችሁ። የኪዩኤምዩ ፕሮሰሶችን ቁጥር በፒግሬፕ አውጡ፣ ሊንኩን ኤልኤስ በረጅሙ አሳዩት። ዲሊትድ የሚለው ያለበት ሁሉ ገና በአሮጌው ኮድ ላይ ነው።

ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ኒድሪስታርት የሚባል መሣሪያ አለ። ፓኬጅ በጫናችሁ ቁጥር መጨረሻ ላይ ጥቂት መስመሮችን ያትማል። አንዷ መስመር በአሮጌ የሃይፐርቫይዘር (ቪኤም የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ እዚህ ኪዩኤምዩ) ፋይል የሚሠሩ ቪኤሞች መኖር አለመኖራቸውን ትናገራለች። አብዛኛው ሰው ሳያነባት እንተር ብሎ ያልፋል። ከዛሬ ጀምሮ አንብቧት።

ሌላው፣ ፕሮሰሱን ራሱን መጠየቅ ነው። ቨርሽ ላይ ኪዩኤምዩ-ሞኒተር-ኮማንድ በሚለው በኩል ኢንፎ ቨርዥን ብትሉት የሚመልሰው ያ የሚሠራው ፕሮሰስ የተነሳበትን ቨርዥን ነው። ቨርሽ ቨርዥን ብቻ ብትሉ ግን ስለ አንድ የተወሰነ ቪኤም አይነግራችሁም። ፕሮክስሞክስ ላይ ኪውኤም ስታተስ ከቨርቦስ ጋር ስትሉ ራኒንግ-ኪዩኤምዩ የሚል መስመር ይመጣል።

እነዚህ ሁሉ ካልተመቿችሁ ሰዓት አወዳድሩ። ፒኤስ በኤልስታርት አማራጭ ፕሮሰሱ የተነሳበትን ቀን ያሳያል። ከፓኬጁ መጫኛ ቀን በፊት ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

ደረጃ 7፦ የማትጠቀሙበትን ዕቃ ማውጣት

ፍሎፒ ለምን ነበረ? ሳቁን ትተን መልስ አለው። ዊንዶውስ ኤክስፒን ስትጭኑ የዲስክ ድራይቨር ማስገባት ከፈለጋችሁ ኤፍ6 ተጭናችሁ ከፍሎፒ ነበር የምታስገቡት። ቪኤም ላይም ያው ነው። የቨርትአይኦ (ለቪኤም ተብለው የተሠሩ ዕቃዎች) ድራይቨሮች ለረጅም ጊዜ በፍሎፒ ኢሜጅ መልክ ይቀርቡ ነበር። ኤክስፒ ሄደ፣ ፍሎፒው ቀረ።

ዳምፕኤክስኤምኤል ብላችሁ የቪኤማችሁን ትርጉም ክፈቱ። ዲስክ የሚሉትን መስመሮች እዩ፤ ዓይነቱ ፍሎፒ የሚል ካለ በቨርሽ ኤዲት አውጡት። ኤፍዲሲ የሚል ኮንትሮለርም ካለ እንዲሁ።

ይሄ ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ቬኖም ይፋ ሲሆን ብዙ ሰው ያስደነገጠው ይህ ነው፦ አስተዳዳሪው ፍሎፒውን ሆን ብሎ ቢያጠፋውም፣ በዜንና በኪዩኤምዩ ላይ የመቆጣጠሪያው ኮድ ሳይጠፋ ይቀር ነበር። ድራይቩ የለም፣ መቆጣጠሪያው ግን አለ። ችግሩ ያለው ደግሞ መቆጣጠሪያው ላይ ነው።

ስለዚህ እዚያው ፋይል ላይ ማሽን የሚለውን ቃል ፈልጉ። አይ440ኤፍኤክስ የሚል ከሆነ፣ ይህ የ1990ዎቹን ማዘርቦርድ የሚያስመስል ነው፣ የፍሎፒ መቆጣጠሪያውም አብሮት ይመጣል። ኪው35 የሚል ከሆነ፣ ከ2.4 ጀምሮ ባሉት ማሽኖች መቆጣጠሪያው የሚፈጠረው ከጠየቃችሁ ብቻ ነው። አዲስ ቪኤም ስትሠሩ ኪው35 ምረጡ። በዚህ አልደራደርም።

የቆየውን ቪኤም ወደ ኪው35 መቀየር ግን ሌላ ታሪክ ነው። የፒሲአይ አድራሻዎቹ ስለሚቀያየሩ ሊኑክስ ላይ የኔትወርክ ካርዱ ስም ይለወጣል። በቋሚ አይፒ የተዋቀረ ሰርቨር ከሆነ ኔትወርክ አልባ ሆኖ ይነሳል። ዊንዶውስም አዲስ ዕቃ ተገኘ እያለ ያስቸግራል። ኮንሶል ላይ መግባት መቻላችሁን ሳታረጋግጡ አትሞክሩት። ፓች ከሆነና ፕሮሰሱ አዲስ ከሆነ፣ የቆየውን ቪኤም ለዚህ ብላችሁ ባታምሱት ይሻላል።

ከፍሎፒው ሌላም አለ። የድምፅ ካርድ ያለው የዳታቤዝ ሰርቨር ለማን ሊዘፍን ነው? አውጡት። ተከላ ካለቀ በኋላ ሲዲ-ሮሙንም አውጡት፤ የ2015ቱን ሁለተኛ ክፍተት አስታውሱ። ዩኤስቢ ለማያስፈልገው የሊኑክስ ሰርቨር የዩኤስቢ ኮንትሮለሩን ሞዴል “ነን” (ምንም) ብላችሁ መዝጋት ትችላላችሁ። ዊንዶውስን በቪኤንሲ (በርቀት ስክሪን ማያ) የምታዩ ከሆነ ግን ተዉት፤ የማውሱ ጠቋሚ የሚስተካከለው በዩኤስቢ ታብሌት ነው።

ከዚህም በላይ መሄድ ለሚፈልግ፣ ኪዩኤምዩ 4.2 ላይ ማይክሮቪኤም የሚባል የማሽን ዓይነት መጥቷል። አሮጌ ዕቃዎችን ጥሎ ለቨርትአይኦ የሚያስፈልገውን ብቻ ይይዛል። አማዞን በ2018 ይፋ ያደረገው ፋየርክራከር ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘው። በረስት ቋንቋ ተጻፈ፣ የሚያስመስላቸው ዕቃዎችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መደበኛው የረስት ኮድ ከበፈሩ ሊያልፍ ሲል ፕሮግራሙን ያስቆመዋል እንጂ በጎረቤት ሜሞሪ ላይ አይጽፍም። 513ኛው ባይት ላይ ቪኤሙ ይወድቃል፤ ሆስቱ አይወረስም።

ደረጃ 8፦ ቢያመልጥስ?

ነገ ሌላ ክፍተት ይመጣል። ፓች እስኪወጣ ድረስ የሚይዛችሁ ኪዩኤምዩ በምን መብት እንደሚሠራ ነው።

በሬድ ሃት ቤተሰብ ኤስቨርት የሚባል ጥበቃ አለ። እያንዳንዱ የኪዩኤምዩ ፕሮሰስ የራሱ የኤስኢሊኑክስ (የሊኑክስ የመብት መቆጣጠሪያ) መለያ ይሰጠዋል። አንዱ ቪኤም ሰብሮ ቢወጣ እንኳ የሌላውን ቪኤም ዲስክ እንዳይከፍት መለያው ያግደዋል። ፒኤስን ከዜድ አማራጭ ጋር ስታሠሩ ኤስቨርት-ቲ የሚል ቃልና ለየቪኤሙ የተለያዩ የቁጥር ጥንዶች ማየት አለባችሁ። ኡቡንቱ ላይ ያንኑ ሥራ አፕአርመር ይሠራል። ኤኤ-ስታተስ ስትሉ ሊብቨርት ብሎ የሚጀምርና የቪኤሙን መታወቂያ የያዘ ፕሮፋይል በኢንፎርስ ስር መታየት አለበት።

ይህ ሁሉ በራሱ የሚበራ ነው። ታዲያ ብዙ ሆስት ላይ ለምን ጠፍቶ ይገኛል? ቪኤሙ የዲስክ ፋይሉን መክፈት አቅቶት ፐርሚሽን ዲናይድ ሲል፣ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ፈጣን መልስ ሁለት ነው፦ ኪዩኤምዩን በሩት አሠሩት፣ ወይም ኤስኢሊኑክስን አጥፉት። ሁለቱም ያሠራሉ። ሁለቱም ግን ቪኤሙንና ሆስቱን የሚለየውን የመጨረሻውን ግድግዳ ያፈርሳሉ። ኢቲሲ ስር ሊብቨርት ውስጥ ያለውን ኪዩኤምዩ ነጥብ ኮንፍ የተባለ ፋይል ክፈቱ። ዩዘር የሚለው መስመር ሩት ከሆነ፣ ወይም ሴኩሪቲ ድራይቨር የሚለው “ነን” (ምንም) ከሆነ፣ አንድ ሰው ድሮ ተቸኩሎ ነበር ማለት ነው። መልሱት፣ የዲስክ ፋይሎቹንም ባለቤትነትና መለያ በአግባቡ አስተካክሉ። እዚያው ፋይል ላይ ሴክኮምፕ ሳንድቦክስ የሚል አለ፤ ኪዩኤምዩ ከከርነሉ የሚጠይቀውን የሚገድብ ነው። ከኪዩኤምዩ 2.11 ጀምሮ ሊብቨርት በራሱ ያበራዋል። ዜሮ ተደርጎ ካገኛችሁት ወደ ነበረበት መልሱት።

ፕሮክስሞክስ ኪዩኤምዩን የሚያስነሳው በሩት ነው፣ ሊብቨርትንም አይጠቀምም። ስለዚህ ከላይ ያለው ግድግዳ እዚያ የለም። ፕሮክስሞክስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ፓች ለማድረግ ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው እያልኩ ነው።

ዜን ላይ አቻው ስተብዶሜይን ይባላል። ኪዩኤምዩን ከዋናው ዶሜይን (ዜንን ከሚያስተዳድረው ቪኤም) አውጥቶ በራሱ ትንሽ ቪኤም ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቬኖም ያንን ቢሰብር የሚያገኘው ያቺን ትንሽ ቪኤም ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ

ሆስቱ የእናንተ ካልሆነ ከላይ ያለውን አብዛኛውን ማድረግ አትችሉም። መጠየቅ ግን ትችላላችሁ። “ፓች አድርጋችኋል?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ አዎ ይሏችኋል፣ እውነታቸውንም ሊሆን ይችላል። “የእኔ ቪኤም ከፓቹ በኋላ ወደ ሌላ ሆስት ተዛውሯል ወይስ ጠፍቶ ተነስቷል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ካልሆነ ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። በኤስኤስኤች (በርቀት ቪኤሙ ውስጥ) ገብታችሁ ሪቡት አትበሉ። ከአቅራቢው መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ፓወር ኦፍ ብላችሁ፣ መጥፋቱን አይታችሁ፣ ከዚያ ፓወር ኦን በሉ። ማጥፊያው የሌለበት ገጽ ከሆነ በትኬት (ለአቅራቢው የድጋፍ ክፍል በሚላክ ጥያቄ) አስጠይቁ።